«ዱቄት ሰጥተው ሃይማኖት ይገዛሉ»፦ በወረርሽኝ ጊዜ ስለሚደረግ የሚሽን እርዳታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ባሕር ዳር ለ14 ቀን ተዘጋች። ባጃጆች ቆሙ። ጣና ላይ የሚመላለሱት ጀልባዎች ዳር ላይ ታሰሩ። እኔ ያኔ በከተማችን ባለች አንዲት ትንሽ የክርስቲያን ሚሽን የእርዳታ ክፍል ውስጥ በበጎ ፈቃድ አገለግል ነበር። ጠዋት ጠዋት ስልክ እየደወልን ድጋፍ እንጠይቃለን። ከሰዓት በኋላ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ይዘን በፈቃድ ወረቀት እንወጣለን።

በስልክ የሰማኋቸው መልሶች እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አሉ። ከክፋት የመጡ አልነበሩም። አብዛኛው ሰው መስጠት ይፈልጋል። ግን አንድ የተሳሳተ ነገር በልቡ ካደረ እጁን ይሰበስባል። ኮሌራም ይሁን ኩፍኝ፣ ወረርሽኝ በተነሳ ቁጥር ያው አባባል ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ የማስታውሳቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ሚሽን ዱቄት የሚሰጠው ሃይማኖት ሊያስለውጥ ነው»

ይህን ስጋት አላጣጥለውም። ጣና ዳር ያደገ ሰው ከየት እንደመጣ ያውቀዋል። በሐይቁ ሰሜን ዳር፣ ጎርጎራ ላይ፣ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ተቀምጠው ነበር። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነትን በይፋ ተቀበሉ። አገር ለሁለት ተከፈለ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም የቀድሞውን እምነት መልሰው ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ይህ ሁሉ የሆነው በዚሁ በእኛ ሐይቅ ዙሪያ ነው። «ሚሲዮን» የሚለው ቃል እዚህ ሲጠራ ሽማግሌዎች ፊታቸውን የሚያጠቁሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እርዳታ ግን ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቀይ መስቀልና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች በአንድነት የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ደንቡን ካወጡት መካከል የካቶሊኩ ካሪታስ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ይገኛሉ። በደንቡ መሠረት እርዳታ የሚሰጠው ችግሩ ታይቶ ነው። የተቀባዩ ዘር፣ እምነትና ዜግነት አይጠየቅም። እርዳታን የፖለቲካም ሆነ የሃይማኖት አቋም ማራመጃ ማድረግ አይፈቀድም። የጻፉት ክርስቲያኖችም ጭምር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

እኛ የተረጂዎችን ዝርዝር የምናገኘው ከቀበሌና ከየሰፈሩ እድር ነበር። ቅጻችን ላይ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ቤት ውስጥ የቆየ ሕመም ያለበት ወይም የሚያጠባ ሰው መኖሩ ይሞላል። የሃይማኖት መስመር አልነበረውም። ከመጀመሪያዎቹ ጭነቶች አንዱ የወረደው ከሐይቁ ዳር በሚኖሩት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች ደጅ ነው። እነዚህ ሰዎች ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ናቸው። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። አንዲት እናት ዱቄቱን ሳይነኩ «ከዚህ በኋላ ምን ልትጠይቁን ነው?» አሉን። «ምንም እማማ፣ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ ብቻ ይንገሩን» አልናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩን። ያንን አስተያየት አልረሳውም። ከእኛ በፊት አንድ ሰው በቅድመ ሁኔታ የሰጣቸው ይመስለኛል።

ስለዚህ መዋጮ ስትጠየቁ ቅጹን አሳዩኝ በሉ። ሃይማኖት የሚጠይቅ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ዱቄቱን ለመውሰድ መጀመሪያ ስብከት ስሙ የሚባልበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ብራችሁን አትስጡ። ይህን ስናገር እንደ ክርስቲያን ነው የምናገረው። የተራበን ሰው በረሃቡ መያዝ ወንጌል አይደለም።

«ችግር ላይ የወደቀው የኔ ቢጤ ብቻ ነው»

ስለዚህኛው ብዙ መናገር እፈልጋለሁ። ወረርሽኝ ሲመጣ የሚራበው ትናንት ይለምን የነበረው ሰው ብቻ አይደለም። ትናንት ይሰጥ የነበረውም ይራባል።

ባሕር ዳርን አስቧት። ብዙ ሰው እንግዳ ጠብቆ የሚኖርባት ከተማ ናት። ጀልባ ነጂው እንግዳውን ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ደብረ ማርያም ይወስዳል። አስጎብኚው የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕል ያሳያል። የዘጌ ሴቶች የራሳቸውን ቡና ያፈላሉ። ልጆች ከደንገል ትንንሽ ታንኳ ሠርተው ይሸጣሉ። ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፈው ልጅ ከደመወዟ ይልቅ በቲፕ ነው የምትኖረው። እንግዳው ሲቀር ይህ ሁሉ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ስልክም ይዟል። ጓዳው ውስጥ ግን የሚቦካ ዱቄት የለም። እንዲህ ያለው ሰው መለመን አያውቅበትም። በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። አንድ ጀልባ ነጂ ሦስት ጊዜ ስንደውልለት ሦስቴም «እኔ ደህና ነኝ፣ ለባሰበት ስጡ» አለን። ችግሩን የነገረችን ጎረቤቱ ናት።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካኝ የቆሎ ተማሪው ነው። የአብነት ተማሪ ምግቡን የሚያገኘው ከሰው ደጅ ነው። ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይቆማል። እመቤቲቱ ቁራሽ ትሰጠዋለች። በዚያች ቁራሽ ዜማውንም ቅኔውንም ይማራል። ጎጃም ውስጥ ስንት ሊቅ እንዲህ አድጓል። ከዚያ ኮሮና መጣና ሰው አታስጠጉ ተባለ። ምክሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን በር ሲዘጋ የተማሪው ማዕድም አብሮ ተዘጋ። ማንም ይህን አስቀድሞ አላሰበውም፣ እኛም ጭምር።

አንድ የኔታ «ልጆቹን ወደየአገራቸው እንዳልሰድ መንገዱ ዝግ ነው፣ እንዳላቆያቸው የሚቀምሱት የለም» አሉን። የእኛ ሚሽን የእርሳቸው ቤተ ክርስቲያን አካል አልነበረችም። እርሳቸውም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን። ዐቢይ ጾም ስለነበር በሶ፣ ሽሮና ቆሎ አዘጋጀን። ያስረከብነው ለሰበካ ጉባኤው ነው፣ ለተማሪዎቹ ያደሉት ራሳቸው የኔታ ናቸው። እኛ ወደ ጎጆዎቹ አልገባንም። ልጆቹን ማን እንደሚያበላቸው ከየኔታቸው አንደበት መስማታቸው ተገቢ መስሎ ታየን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎች የምግብ እርዳታንና በሽታን መከላከልን ለየብቻ ያስቧቸዋል። በወረርሽኝ ጊዜ ግን አንድ ናቸው። የቀን ሠራተኛን ቤትህ ተቀመጥ ስንለው፣ ልጆቹ የሚበሉት ከሌለ ይወጣል። መውጣቱም ትክክል ነው። እቤቱ ያስቀመጠው የፖሊስ ቁጣ አይደለም፣ ጓዳው ውስጥ ያለው ዱቄት ነው።

«ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ፤ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር ነው»

ይህን የሚሉት በጣም መንፈሳዊ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ብር ይሰጡና ደረሰኝ ስንቆርጥላቸው ይቆጣሉ። ቃሉ ግን የተነገረው ለሰጪው ነው። ሰጪው በሰው ፊት እንዳይመጻደቅ ነው የተባለው። ተቀባዩ ድርጅት ሒሳቡን ይደብቅ የሚል የትም የለም።

ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩት ድሆች ከአብያተ ክርስቲያናት መዋጮ ሲሰበስብ ምን እንዳደረገ ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ አንብቡ። ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም። ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ላከ። ምክንያቱንም ይናገራል። በዚህ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ስለዚህ ደረሰኝ መጠየቅ የእምነት ጉድለት አይደለም።

መጠየቅ ያለበትን ልንገራችሁ። ገንዘቡ የሚገባው በድርጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው ወይስ በግለሰብ ስም? ከአንድ ሰው በላይ ሳይፈርም ይወጣል? ድርጅቱ ተመዝግቧል? በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሃይማኖት ተቋማት ራሳቸው በዚህ ሕግ አይተዳደሩም። ለበጎ አድራጎት ያቋቋሟቸው ድርጅቶች ግን ይተዳደራሉ። በዚያ የኮሮና ሰሞን በእኛ ስም የግል ሒሳብ ቁጥር አሰራጭቶ ብር የሰበሰበ ሰው ነበር። የላኩት ሰዎች ደውለው እርዳታው ደረሰ ወይ ሲሉን ነው ያወቅነው። ምንም ልንመልስላቸው አልቻልንም። አንዱ ጡረተኛ ነበሩ።

«ፎቶ ከሌለ ማስረጃ የለም» የሚሉም ነበሩ። ዘይት ተቀብላ ካሜራ ፊት የቆመች እናት ፎቶዋ ሰፈር ውስጥ ይዞራል። ልጇ ትምህርት ቤት ሲከፈት ይሰደብበታል። ቀደም ብዬ ያነሳሁት ደንብም በችግር ላይ ያለውን ሰው ክብር ያለው ሰው አድርጋችሁ አሳዩ ይላል። እኛ የተቀባዮች ፊርማና የእድሩ ዳኛ ምስክርነት ነበረን። ለሒሳብ መርማሪ ይበቃል።

«ነዳጅ ምናምን አትበሉኝ፤ የሰጠሁት ብር እንዳለ ለድሀው ይድረስ»

ሐሳቡ ከደግ ልብ ነው የሚመጣው። ግን ዱቄት በራሱ ሐይቅ አይሻገርም። ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ወደ ሩቆቹ ደሴቶች ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ነዳጅ አለ፣ ተሸካሚ አለ፣ ማዳበሪያ ጆንያ አለ። የጠቀስኩት አዋጅ የድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። እርዳታውን ለማድረስ የሚወጣው ወጪ ግን የእርዳታው አካል ነው። ምንም ወጪ የለብንም የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ እንዲያውም ደግማችሁ ጠይቁ።

«እምነት ካለ ማስክ ምን ያደርጋል?»

አጭር ነው። ሰይጣን ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይደግፉሃል ሲለው፣ ጌታ አምላክህን አትፈታተነው ብሎ ነው የመለሰው። መጸለይና እጅ መታጠብ አይጣሉም። የኮሮና ቫይረስ ሽፋኑ ስብ ነው፤ ሳሙና ያንን ስብ ይበትነዋል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ምግብ ናቸው፣ ብሉ፤ የቫይረሱ መድኃኒት ግን አይደሉም።

ያለማስክ ይበልጥ የሚጎዳው ሰጪው እንዳይመስላችሁ። እኛ ራሳችን በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ስሕተት ሠርተናል። ሰዎችን ግቢያችን በር ላይ ጠራናቸው። ሰልፉ ተጨናነቀ፣ አዛውንቶች ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። በሽታውን የምንከላከል መስሎን ልናዛምተው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቤቱ ማድረስ ጀመርን። ደጅ ላይ እናስቀምጣለን፣ ሁለት ሜትር ርቀን ስም እንጠራለን።

«ቤቴ ብዙ ያረጀ ልብስ አለ፣ እሱን ልስጥ»

እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን በወረርሽኝ ጊዜ መለየቱ፣ ማጠቡ፣ ማጓጓዙ ከልብሱ ዋጋ በላይ ይሆናል። ሳሙና፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ፣ ከሁሉም በላይ ጥሬ ገንዘብ ይሻላል። ንጽሕና መጠበቂያ ያስታወሰ ሰጪ በጣም ጥቂት ነበር።

«በሽታው አለፈ፣ እርዳታውም አለቀ»

ክትባቱ የካቲት 28 ቀን 2013 አገራችን ገባ። የመጀመሪያው ጭነት 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ የጤና ድንገተኛ ሁኔታ ያነሳው ግን ገና ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። በመሐሉ ለእኛ የሚደወለው ስልክ ቀነሰ። ሰጪዎቻችን «አሁን እኮ ሁሉም ተከፍቷል» ይሉን ጀመር።

ያ ሦስቴ «ደህና ነኝ» ያለን ጀልባ ነጂ በተዘጋው ወራት የጀልባውን ሞተር ሸጦ ነበር። መንገድ ሲከፈት ጀልባው አለ፣ ሞተር የለውም። እንግዳ ቢመጣም አያሻግርም። ለሁለተኛ ጊዜ ድጋፍ ስንጠይቅ የጠየቅነው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ዱቄት አልነበረም የፈለገው። እሱና ሌሎች ሦስት ነጂዎች እቁብ ገብተው ነበር፣ የጎደላቸውን ጨመርንላቸው። አንድ ሞተር ገዝተው በየተራ ይጠቀሙበት ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ከዘጌ ሲመለስ አንድ ከረጢት ቡና ይዞልን መጣ። ደረሰኝ ቆረጥንለት።