በቤት የሚሠራ አውሮፕላንና የስፖርት ፓይለት ገደብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ በጋራዡ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው የስፖርት ፓይለት ፈቃድን (ቀለል ያሉ አውሮፕላኖችን ለማብረር የሚሰጠውን) አስቦ ንድፍ ሲጀምር፣ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ገና ወረቀት ላይ ነው።

«ከ600 ኪሎ ካለፈ አይፈቀድም»

ይህ የ2004ቱ ደንብ ነው። ያኔ ጣሪያው በክብደት 600 ኪሎ (ውኃ ላይ ለሚያርፍ 650)፣ በፍጥነት 120 ኖት (በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ በወንበር ደግሞ ሁለት ነበር። ከኦክቶበር 22 ቀን 2025 ጀምሮ የክብደቱና የ120 ኖቱ ገደብ ተነሥቷል። እስከ አራት ወንበር ይቻላል፤ ተሳፋሪው ግን አሁንም አንድ ብቻ ነው። ዋናው ማጣሪያ ስቶል ሆኗል፦ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ፍጥነት ከ59 ኖት መብለጥ የለበትም።

«ተጣጣፊ ጎማ ክልክል ነው»

በበረራ ላይ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ጎማ ክልክል የነበረው ድሮ ነው። አሁን ሥልጠና ወስዶ የአሠልጣኝ ፊርማ ማግኘት ይበቃል።

«ፍላፕ ሳወርድ 59 ውስጥ እገባለሁ»

አይቆጠርም። የሚለካው ፍላፕ (ክንፉ የበለጠ እንዲያነሣ ከኋላ ጠርዙ ወደ ታች የሚወርደው ክፍል) ተሰብስቦ፣ በሙሉ የመነሻ ክብደት፣ የስበት ማዕከሉም እጅግ አስቸጋሪው ቦታ ላይ ሆኖ ነው። ያ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ጫፉ ነው፤ አፍንጫው ሲከብድ ጅራቱ ወደ ታች ይጫናል፣ ክንፉም ይህን ትርፍ ጭነት አብሮ ይሸከማል።

«ሠንጠረዡ 1.6 ይላል፣ በዚያው አሰላለሁ»

ብዙ ንድፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያ 1.6 የማንሻ ኮፊሸንት ነው፤ የክንፉ ቅርጽ ቢበዛ ምን ያህል ማንሣት እንደሚችል የሚገልጽ ቁጥር። የተለካው ግን የክንፉ ቁራጭ በንፋስ ዋሻ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቶ ነው። እውነተኛ ክንፍ አየር የሚያመልጥበት ጫፍ አለው፤ ጫፉም ሲሠራ ሆን ተብሎ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይጠመዘዛል፣ መሐሉን ደግሞ የአውሮፕላኑ አካል ይረብሸዋል። ያለ ፍላፕ 1.35 ብሎ መነሣት ይሻላል።

ሙሉ ክብደቱ 600 ኪሎ ነው እንበል። 59 ኖት በሰከንድ 30.35 ሜትር ነው። በባሕር ወለል አየር፣ በ1.6 ያሰላ ሰው 6.5 ካሬ ሜትር ክንፍ ይበቃኛል ይላል። እውነቱ 1.35 ሆኖ ሲገኝ ግን ያ ክንፍ ገና በ64 ኖት ስቶል ያደርጋል። የሚያስፈልገው 7.8 ካሬ ሜትር ነበር። እኛ 8.5 እንመክራለን፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ነው።

«ቢከብድም ወረቀቱ ላይ 600 እጽፋለሁ»

በንድፍ ባዶ ክብደቱ 370 ኪሎ የተባለው አውሮፕላን ቀለም፣ ወንበርና ሬዲዮ ገብቶለት ሚዛን ላይ ሲወጣ 420 ቢሆን አይግረማችሁ። ወረቀቱ ሙሉ የመነሻ ክብደቱን 600 ካለ፣ ሁለት ሰው (170 ኪሎ) ተቀምጦ ለቤንዚን የሚተርፈው 10 ኪሎ ነው፤ 14 ሊትር ገደማ። በሰዓት 20 ሊትር የሚጠጣ ሞተር በዚህ አንድ ሰዓት እንኳ አይበርም። ወረቀቱን ወደ 650 ካሳደጉት ደግሞ ስቶል ከክብደቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይጨምራል፦ 7.8ቱ ክንፍ 61 ኖት ይደርሳል፣ 8.5ቱ 58.5 ላይ ይቆያል።

«መለኪያው 57 ካሳየ አለቀ»

ደንቡ የሚጠይቀው የታረመ ፍጥነት ነው፤ ማለትም የመለኪያው ስህተት የተስተካከለበት። አፍንጫው ሽቅብ ሲቀና ነፋሱ የፒቶት ቱቦውን (ለፍጥነት መለኪያው የአየሩን ግፊት የሚቀበለውን) በሰያፍ ስለሚመታው መለኪያው ከእውነቱ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ በአንድ ከፍታና በአንድ የመለኪያ ፍጥነት በአራቱም አቅጣጫ ይብረሩ። የጂፒኤሱን ፍጥነት አማካይ ይውሰዱ፣ በሙቀቱና በግፊቱ ያስተካክሉት፣ ከመለኪያው ጋር ያስተያዩት። በሙከራው ወቅት ተሳፋሪ ስለማይፈቀድ ወንበሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ይጫናል፤ በቀበቶ ብቻ ሳይሆን በገመድም ይጠፈር፣ መሪው ላይ ከተንሸራተተ አይመለስም።