የአእምሮ ጤናና ማኅበራዊ ድጋፍ በደሴ፦ ከቅሬ እስከ ቀጠሮ ካርድ

ደሴ ላይ ሰው ሲሞት ማንም ብቻውን አያለቅስም። የቅሬው፣ ማለትም የወሎው ዕድር፣ ጠሪ ገና በማለዳ ሰፈሩን ያዳርሳል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ብረት ድስት ከዕቃ ቤት ይወጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጉድጓድ ሊቆፍር ይሄዳል። ሴቶቹ እንጀራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሐዘንተኛው ለቀናት ቤቱ ሰው አይጠፋበትም።

ሰው አእምሮው ሲታመም ግን የሚያዳርስ ጠሪ የለም። በሩ መጀመሪያ ገርበብ ይላል፣ ከዚያ ይዘጋል። እናት ቡና መጥራት ታቆማለች። ጎረቤት ድምፁን ይሰማል፣ ግን ያሳፍራቸው ይሆናል ብሎ አይጠይቅም። በደሴ ስላለው የአእምሮ ጤና አገልግሎትና ማኅበራዊ ድጋፍ ሳስብ ሁሌም ፊቴ የሚደቀነው ይኼ ልዩነት ነው። ደግነቱ ሞልቷል። ጎድሎ የኖረው መጥሪያው ነው።

ደሴ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ኮምቦልቻ ይገኛል። ከኩታበር፣ ከተንታ፣ ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ ሪፈር የተጻፈለት ታካሚ ማረፊያው ደሴ ነው። የደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከደቡብ ወሎ አልፎ ለአጎራባች ዞኖችና ለአፋር ሰዎችም ያገለግላል። ከከተማው በስተሰሜን ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደግሞ ከድሮ ጀምሮ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው። ስለ አእምሮ ሕመም ስናወራ ቦሩ ሜዳን ማስታወስ ደግ ነው። በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው ከሰፈር ወጥቶ የሚኖርበት ዘመን ነበር። መድኃኒቱ ሲገኝና ሰው በሽታው እንደሚድን ዓይቶ ሲያምን ነው ነገሩ የተለወጠው።

የአእምሮ ሕክምናው ታሪክ ከዚያ ያጠረ ነው። በአገሪቱ ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ የተቋቋመ ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። የወሎ ቤተሰብ ታማሚውን ይዞ እስከዚያ ይጓዛል። አልጋ ይከራያል፣ ቀጠሮ ይጠብቃል፣ ብሩ ሲያልቅ ሕክምናውን ሳይጨርስ ይመለሳል። የሥነ አእምሮ ነርሶች ሠልጥነው በየክልሉ ሆስፒታሎች ሲመደቡ መንገዱ ማጠር ጀመረ። በ2005 ዓ.ም የወጣው አገር አቀፍ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ደግሞ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቀደ። ሐሳቡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ካስጀመረው ፕሮግራም ጋር አንድ ነው። ሁሉም ሕመም ስፔሻሊስት አይፈልግም። የጤና መኮንንና ነርስ ተገቢውን ሥልጠና ካገኙ ድብርትን፣ የሚጥል በሽታን፣ ከባድ የአእምሮ ሕመምን ለይተው መጀመሪያውን ሕክምና መስጠት ይችላሉ። የከበደው ብቻ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴ ላይ የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል አለው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን መርሳት የለብንም። ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው። እሷ ቤት ለቤት ትሄዳለች። ክትባት ትጠይቃለች፣ ነፍሰ ጡር ትከታተላለች፣ መጸዳጃ ቤት ታያለች። ጓዳ ውስጥ የተደበቀ ሰው ካለ ከቤተሰቡ ቀጥሎ የምታውቀው እሷ ናት። ሥራዋ ግን በጣም ብዙ ነው፤ አእምሮ ጤና ዝርዝሩ ውስጥ ቢገባም ጊዜው አይበቃትም።

የሥነ አእምሮ ተመላላሽ ክፍል በር ላይ አንድ ጠዋት የተቀመጠ ሰው ብዙ ይማራል። ከታካሚዎቹ ቀላል የማይባለው ክፍል የሚጥል በሽታ ያለበት ነው። አገራችን ውስጥ የሚጥል በሽታ የሚታከመው በአብዛኛው እዚያው ክፍል ነው። ሌላው በየወሩ መርፌ ሊወጋ የመጣ ነው። ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚሰለቸው ወይም ለሚረሳው ሰው ይህ ወርኃዊ መርፌ ትልቅ ዕረፍት ነው። እናቶች የቀጠሮ ካርዱን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይይዙታል። ካርዱ ሲፈታ ጠርዙ አልቋል። ዓመታት የቆየ ካርድ ነው።

ከዚያ ክፍል ከሚሰማው ሁሉ ደጋግሞ የሚመጣው አንድ ነገር ነው፦ "ተሽሎት ነበር፣ አቋረጠው።" የድብርት መድኃኒት ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ይፈጃል። ሰው በአምስተኛው ቀን "ምንም አልሠራልኝም" ብሎ ይተወዋል። የከባድ ሕመም መድኃኒት ደግሞ አንዳንዱን ሰውነቱን ያደርቀዋል፣ እጁን ያንቀጠቅጠዋል። ይህንን የሚያስታግስ መድኃኒት አለ፣ መጠኑም ይስተካከላል። ግን ታካሚው ለሐኪሙ ሳይናገር ቤቱ ያቆመዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሕመሙ ተመልሶ ሲመጣ ቤተሰቡ "ያ መድኃኒት አልረዳውም" ይላል።

ሌላው ምክንያት የእምነት ሕክምና ነው። ይህን በንቀት መጻፍ አይገባም። የወሎ ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አምላኩ ነው። ክርስቲያኑ ጠበል ይገባል፣ ግሸን ይሳላል። ሙስሊሙ ቁርኣን ያስቀራል፣ ሸኹ ዘንድ ሄዶ ዱዓ ያስደርጋል። ወዳጃ የሚባለው የኅብረት ጸሎት ደግሞ በራሱ የሰፈር ድጋፍ ነው። ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ የተጨነቀው ሰው ስሙ ተጠርቶ ይመረቃል፣ ሁሉም "አሚን" ይላል። ብቸኝነትን የሚሰብር ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው "ጠበል ላይ እያለህ ክኒን አትዋጥ" ሲባል ነው። ወይም ታማሚው እንዳይሄድ ተብሎ በሰንሰለት ሲታሰር ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚያስረው ጨክኖ አይደለም። መንገድ ላይ መኪና እንዳይገጨው፣ ሰው እንዳይደበድበው ፈርቶ ነው። ሰንሰለቱ የሚፈታው ፍርሃቱ ሲፈታ ነው፤ ለዚያ ደግሞ እንቅልፍ የሚመልስ መድኃኒትና የሚመላለስ ባለሙያ ያስፈልጋል። ጠበሉና ክኒኑ አብረው ይሄዳሉ የሚሉ ካህናትና ሸኾች አሉ። የእነሱ አንድ ቃል ከአሥር ፖስተር ይበልጣል።

ጾምም እንደዚሁ ነው። ረመዳን ሲገባ ብዙ ታካሚ መድኃኒቱን ያቋርጣል። አብዛኛውን ክኒን ወደ ፍጡርና ሱሁር ሰዓት ማዞር ይቻላል። አንዳንዱ መድኃኒት ግን ውኃ ሳይጠጡ ከዋሉ አደጋ አለው። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ሁዳዴም ሲገባ እንዲሁ።

ከዚህ ሁሉ ላይ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ክረምት ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የሸሸው ሕዝብ ደሴ ገባ። ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ። ነዋሪው ሳሎኑን ለቀቀ፣ ፍራሽ ሰጠ፣ እንጀራ ጋገረ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። አስጠልሎ የነበረው ሰው ራሱ ተሰደደ። ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሌላ ኃይል እጅ ቆዩ። ሆስፒታሎች ተዘረፉ። ሰው የሞተበትን እንኳ በወጉ አልቀበረም። ለወሎ ሰው ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። ቅሬው ያልቆመለት፣ ለቅሶ ያልተደረሰለት ሐዘን ሰው ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግጭት ባለበት አካባቢ ከአምስት ሰው አንዱ አንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር ይኖርበታል። ቁጥሩን ወደ ሰፈር ስናመጣው በር ጓ ሲል የምትደነግጥ ሴት፣ ሌሊት የሚጮኽ ልጅ፣ ያለ ምክንያት የሚቆጣ አባት ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ጊዜና የሰው ድጋፍ ሲያገኝ ይረጋጋል። የማይለቀው ነው ሕክምና የሚፈልገው።

ከጦርነቱ በኋላ "የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ" የሚለው ቃል ደሴ ላይ ተለመደ። ነገሩ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ሰውየው ምን እንዳጣ ማየት ነው፦ ውኃ ነው? ልብስ ነው? የጠፋ ልጅ ነው? ከዚያ መስማት። ካልፈለገ እንዲያወራ አለማስገደድ። ከዚያ ወደሚረዳው ቦታ ማገናኘት። የወሎ እናት ይህን ሳትሠለጥን ታውቀዋለች። አቦሉን ትቀዳለች፣ ዝም ትላለች፣ በረካው ላይ ሰውየው ራሱ ያወራል።

ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ ሌላ ችግር አስከትሏል። መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል። ቀጠሮ ሲያልፍ መድኃኒት ያልቃል።

ኮምቦልቻ የራሱ ጉዳይ አለው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር ወረዳዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ተሰባስበው ክፍል ይከራያሉ። ቤተሰብ ሩቅ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለምግብ ነው። ቅሬ አልገቡም፤ ተከራይ ናቸው። ስለዚህ የሚተማመኑት በመኝታ ጓደኛቸው ነው። አንዷ መብላት ስታቆም፣ እንቅልፍ ስታጣ ቀድማ የምታየው አብራት የምትተኛዋ ናት። ለእነዚህ ልጆች የሚሆን ድጋፍ የሚጀምረው ከዚያች ጓደኛ ነው እላለሁ።

ስለ ጫትም ዝም ማለት አይቻልም። ጫት በወሎ ከጸሎትም ከጨዋታም ጋር የተያያዘ ነው። ግን ሥራ የሌለው ወጣት ከሰዓቱን ሙሉ ሲቅም፣ ማታ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ሲጥለው ሌላ ነገር ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ጫት ሕመሙን ይቀሰቅስበታል።

የገንዘቡ ነገር ሁለት በር አለው። አንዱ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ እዚሁ ጎረቤት ያለችው ተሁለደሬ ናት። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፣ ከዚያ በጤና ጣቢያ ይታከማል። ሆስፒታል ለመታከም የጤና ጣቢያው ሪፈር ግድ ነው። ዘሎ የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። ሌላው በር የከተማ ሴፍቲኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች መካከል ደሴ ነበረች። መሥራት ለሚችል ድሃ ሥራ ይሰጣል። መሥራት ለማይችለው አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛና የቆየ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ አለው። ብዙ ቤተሰብ ግን የአእምሮ ሕመምን እንደ "የቆየ ሕመም" አይቆጥረውም። ስለዚህ አያስመዘግብም። ቀበሌ ሄዶ መጠየቅ ይገባል።

አንድ የሰፈሬን ነገር ልናገር። ጎረቤታችን የነበረች እናት ልጇን ሁለት ዓመት ጓዳ ውስጥ አቆይታዋለች። እኛ እናውቅ ነበር። አልጠየቅንም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በመጨረሻ ገፍተን ስንሄድ ካርድ ክፍል የተቀመጠው ሰው "የእብድ ካርድ እዚህ አይደለም" ብሎ ጮኸብን። እናትየው ልትመለስ ነበር። አብሯት የሄደው የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ ክንዷን ይዞ "እህቴ፣ እኛ ነን የመጣነው፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም" አላት። ልጁ መርፌውን ጀመረ። ወራት ፈጀ። አንድ ለቅሶ ላይ ዳኛው ጠርቶት "ና፣ አግዳሚውን ያዝልን" አለው። ወፍራም አግዳሚ ነው። ሁለት ሆነው ተሸከሙት፤ እሱ ከፊት ነበር። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ የሚጠራው በስሙ ነው።

ደሴ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ "አይጠየፍ" ብላ የምትጠራ ከተማ ናት። ሀብታምም ድሃም ገብቶ የሚበላበት ስለነበር ነው። አንዳንድ ቅሬዎች ከቀብር አልፈው ለታመመ አባል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የገጠሮቹ ደግሞ ታማሚን በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያደርሳሉ። ቃሬዛው ላይ የወጣው ሰው እስካሁን ወላድ ወይም እግሩ የተሰበረ ነው። አእምሮው የታመመውም ይውጣበት ስል የቅሬ ሽማግሌዎችን ጠይቄያለሁ። "ማን ጠርቶን?" አሉኝ።

መጀመሪያ ለሚሄድ ሰው፦ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፣ የመድን ደብተሩን ይያዙ፣ ከዚህ በፊት የተወሰደ መድኃኒት ካለ ካርቶኑን ወይም ባዶ ማሸጊያውን ይዘው ይምጡ። ሰውየው ራሱን ሊጎዳ የሚችል ከመሰላችሁ ብቻውን አትተዉት፤ ገመድ፣ መርዝና ስለት ከአጠገቡ አንሱ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። "ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?" ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ እንዲያውም ያቀልለታል። አብሮ የሚሄደው ደግሞ አንድ ቤት የሚያድር ሰው ይሁን። ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እንቅልፉ ነው፤ መልሱን የሚያውቀው እሱ ነው።