ጅብ ለምን ቁርበት አንጥፉልኝ አለ?

«ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ተረት ጅማ ላይ በመጤ ሁሉ ላይ ይወረወራል። ቡና ሊነግድም ይምጣ ሊማር፣ ወንበር ከጠየቀ ተረቱ ይከተለዋል። ልጆችም ሰምተው ይደግሙታል። ልጆች፣ የተረቱ ቁም ነገር ቁርበቱ ላይ ነውና ከእሱ እንጀምር።

የታረደ በሬ ቆዳ ፀጉሩ ወደ መሬት ተደርጎ፣ ጠርዙ እየተበሳ ዙሪያውን በችካል ይወጠራል። ከዚያ ስቡና የሥጋው ቅሪት በቢላ ይፋቃል። ይህ ስብ ከእናንተም ቆዳ ሥር አለ፤ ሙቀት ይጠብቃል። ሲፋቅ የሚቀረው መካከለኛው ንብርብር ነው፤ ኮላጅን በሚባል የፕሮቲን ክር የተጠላለፈ፣ የቆዳ ጥንካሬ ሁሉ ያለበት። ከእሱ በላይ ስስ ሽፋን አለ። የእናንተው ሽፋን በዓይን ቆብ ላይ ከወረቀት ይሳሳል፣ መዳፍ ላይ ይወፍራል፤ ሙት ሴሎቹ እየረገፉ በወር ገደማ ይታደሳል።

በጅማ ክረምት ቁርበት ቶሎ አይደርቅም። እርጥብ ሆኖ ከሰነበተ ባክቴሪያ የሁለቱን ንብርብሮች መገናኛ ይበላና ፀጉሩ ሲነካ እፍኝ እፍኝ ይነቀላል። የፈላ ውሃ ሲያቃጥላችሁም ውሃ የሚቋጥረው እዚያው መገናኛ ላይ ነው። (አታፍርጡት፤ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ይፍሰስበት፣ ቅቤ አይነካው።) ጠራራ ፀሐይም አይበጅም፤ እርጥቡ ኮላጅን ሲግል ሙጫ ይሆንና ቁርበቱ ደርቆ ይሰነጠቃል። ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ይሻላል።

ለእንግዳ የሚነጠፈው እንግዲህ ይህ ነው። ያልለፋ ስለሆነ ፕሮቲኑ እንዳለ ነው፤ አጥንት የሚፈጨው የጅብ ሆድ ቆዳውን ይጨርስና ፀጉሩን መልሶ ይተፋዋል። እንደ እኔ ግምት ተረቱን የፈጠረው ማታ ቁርበት ወጥሮ ተኝቶ፣ ጠዋት ችካሉን ብቻ ያገኘ ገበሬ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጅቡን ሰሌን ወይም ምንጣፍ ባስጠየቀው ነበር። ቁርበት ያስጠየቀው የደረሰበት ነው!

ስለዚህ ተረቱ ጠባዩን ደብቆ ክብር ለሚሻ እንጂ አገር ለቀየረ ሁሉ አይደለም። ጅቡን የሚያውቁት ቢሆኑ ቁርበቱን ከፊቱ ያነሱበት ነበር። ቤት ሊከራይ ለመጣ ሰው ይህን መተረት ነውር ነው፤ ያውም በርጩማ ከአንድ ግንድ በሚጠረብበት ጅማ፣ መቀመጫ ጠየቀ ተብሎ!