«አደጋውን በ20 በመቶ ቀነሰ» ሲባል ከምኑ ላይ ነው?

እንዲህ የሚል የመድኃኒት ዜና ያነበበ ብዙ ሰው፣ ከ100 ታካሚዎች 20ዎቹ ተረፉ ማለት ይመስለዋል። አይደለም። 20 በመቶው የሚሰላው ከታካሚዎቹ ቁጥር ሳይሆን መጀመሪያውኑ ከነበረው አደጋ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የወጣውን ሴሌክት የተባለ ጥናት እንይ። የተሳተፉት ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸው፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ፣ ስኳር ግን የሌለባቸው 17,604 ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ በሳምንት አንዴ እስከ 2.4 ሚሊ ግራም ሴማግሉታይድ (ክብደት ለመቀነስም የሚሰጥ መድኃኒት)፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተወጉ። በአማካይ 40 ወር ገደማ በቆየው ክትትል፣ በልብና ደም ሥር ሕመም የሞቱ ወይም ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ የገጠማቸው ከመድኃኒቱ ቡድን 6.5 በመቶ፣ ከሌላው 8 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ 1.5 ብቻ ነው። 1.5 ለ8 ሲካፈል 19 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ ሕመሙ የደረሰበት ጊዜም ሲታሰብ 20 ይሆናል።

ለታካሚ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላው ስሌት ነው፦ 100ን ለ1.5 ማካፈል። 67 ይመጣል። አንድ ሰው ከእነዚህ አደጋዎች እንዲተርፍ 67 ሰዎች ለ40 ወር ያህል መታከም አለባቸው ማለት ነው። ይህ መድኃኒቱን ማናናቅ አይደለም፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱም ግን በዚሁ መስፈሪያ ይለካ፦ በጎንዮሽ ጉዳት፣ በተለይም በሆድ ዕቃ ችግር፣ መርፌውን ያቋረጡት 16.6 በመቶ፣ በሌላው ቡድን 8.2 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ሐኪምዎን «ከመቶ ስንት ነበር፣ ስንት ሆነ? በስንት ጊዜ ውስጥ?» ብለው ይጠይቁ።