የጨዋታ ጥራት የአማተር ሊግን ደንብ ይወስን? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአማተር ሊግ ደንብ በሚረቀቅበት ስብሰባ ሁሉ «ይህ ነገር የጨዋታውን ጥራት ያወርዳል» የሚል ሰው አይጠፋም። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ የችሎታ ደረጃ ማን ከማን ጋር ይጫወት የሚለውን ለመደልደል እጅግ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ማን የመጫወት መብት አለው የሚለውን ለመወሰን ግን ሲውል ሊጉን ያፈርሰዋል። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመነጩት እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

«ጥሩ ጨዋታ የሚታይበት ዲቪዚዮን ጥሩ ዲቪዚዮን ነው»

በፕሮፌሽናል ስፖርት ገንዘቡ የሚመጣው ከተመልካች፣ ከቴሌቪዥን መብትና ከስፖንሰር ነው፤ ስለዚህ የጨዋታው ውበት ራሱ የሚሸጥ ነገር ነው። በአማተር ውድድር የሜዳውን ኪራይና የዳኛውን አበል የሚከፍለው ተጫዋቹ ነው። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ቡድን የሚከፍለው የመመዝገቢያ ገንዘብ ደግሞ ከአንደኛው አያንስም።

እንግዲህ የዲቪዚዮኑን ጤንነት የሚናገሩት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። በጠባብ ልዩነት (በእግር ኳስ ለምሳሌ እስከ 2 ጎል) ያለቁ ጨዋታዎች ምን ያህል ናቸው? ስንት ጨዋታ በፎርፌ አለቀ? ካለፈው የውድድር ዘመን ተጫዋቾች ውስጥ ስንቶቹ ተመልሰው ተመዘገቡ? ከሦስቱ ቀድሞ ምልክት የሚሰጠው ፎርፌ ነው። በየሳምንቱ በሰፊ ልዩነት የሚሸነፍ ቡድን መጀመሪያ ተቀያሪዎቹን ያጣል፤ ቀጥሎ ሰው ጎድሎት ይሰለፋል፤ በመጨረሻ ሜዳ ሳይመጣ ይቀራል። የውጤት መዝገቡን በየአራት ዙሩ ያየ አዘጋጅ ይህን ሂደት ገና ሲጀምር ይደርስበታል።

«ደካማ ቡድኖች ከወጡ ደረጃው ያድጋል»

የሚያድገው በወረቀት ላይ ያለው አማካይ ብቻ ነው፤ ከቀሩት ውስጥ አንድም ተጫዋች በዚህ ምክንያት የተሻለ አይጫወትም። ሒሳቡን እንሥራ። 12 ቡድኖች እርስ በርስ አንድ አንድ ጊዜ ሲገናኙ 66 ጨዋታ ይኖራል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 11። አራቱ ሲወጡ ጨዋታው ወደ 28 ያሽቆለቁላል፤ ለእያንዳንዱ 7 ብቻ ይደርሰዋል። ቋሚ ወጪው ለ8 ሲካፈል ደግሞ የእያንዳንዱ ቡድን ድርሻ በግማሽ ይጨምራል። ትናንት 7ኛና 8ኛ የነበሩት ዛሬ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገብተዋል፤ የሚቀጥለው የማባረር ጥያቄም በእነሱ ላይ ይነሳል።

የተሻለው መንገድ 12ቱን በችሎታ ለሁለት ስድስት ስድስት ከፍሎ ደርሶ መልስ ማጫወት ነው። በእያንዳንዱ ምድብ 30፣ በድምሩ 60 ጨዋታ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 10። የጨዋታው ብዛት እምብዛም አልቀነሰም፤ ማንም አልተባረረም፤ የ9 ለ0 ውጤቶች ግን ጥቂት ይሆናሉ።

«በችሎታ መከፋፈል ጀማሪውን መናቅ ነው»

ጀማሪውን የሚጎዳው አለመከፋፈል ነው። በቼዝ የሚሠራበትና የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 የተቀበለው፣ የተጫዋቾችን ችሎታ በነጥብ የሚለካው የኤሎ ስሌት ነገሩን በግልጽ ያሳየዋል፦ በሁለት ተጫዋቾች መካከል የ200 ነጥብ ልዩነት ካለ ከላይኛው የሚጠበቀው ውጤት 76 በመቶ ገደማ ነው፤ ልዩነቱ 400 ሲሆን 91 በመቶ ይሆናል። የታችኛው ተጫዋች ከመሸነፉም በላይ ስህተቱ የት እንደነበረ ሳያውቅ ጨዋታው ያልቅበታል። ዕድል ያለው ጨዋታ ነው የሚያስተምረው። ጎልፍ በ2020 ሥራ ላይ ባዋለው ዓለም አቀፍ የሃንዲካፕ ሥርዓት እስከ 54.0 የሚደርስ ሃንዲካፕ (ለደካማው ተጫዋች ከምቱ ብዛት ላይ የሚቀነስለት ማካካሻ) ይፈቅዳል። ጀማሪው ከአዋቂው ጋር በእኩል ሚዛን የሚወዳደርበትን መንገድ ከፈተለት እንጂ አልገፋውም።

«ያለፈው ዘመን ሰንጠረዥ ለምደባ ይበቃል»

ብዙ ሊጎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሰንጠረዡ የሚመዝነው የቡድኑን ስም ነው፤ በአማተር ስፖርት ግን በዚያ ስም የሚጫወቱት ሰዎች ከዘመን ዘመን ይቀያየራሉ። ስለዚህ ካለፈው ዘመን ተጫዋቾቹ ከግማሽ በታች የተመለሱለት ቡድን እንደ አዲስ ቡድን ይመደብ።

አዲስ ቡድን ሲመጣ 3 ወይም 4 የምደባ ጨዋታ ይሰጠው፤ ውጤታቸው በሰንጠረዡ ነጥብ ላይ አይደመር። ችግሩ የታወቀ ነው፦ ዋንጫ የሚፈልግ ቡድን ሆን ብሎ ተዳክሞ ይታይና በታችኛው ዲቪዚዮን ይገባል። መፍትሔው አዘጋጁ እስከ 4ኛው ዙር ቡድን የማዘዋወር ሥልጣን እንዳለው በደንቡ ላይ አስቀድሞ መጻፍ ነው። ቡድን ከተዘዋወረ በቀድሞው ምድብ ያደረጋቸው ጨዋታዎች ለሁሉም ይሰረዙ፤ አለዚያ ከእሱ ጋር የተጫወቱትና ያልተጫወቱት ቡድኖች እኩል አይሆኑም። በአዲሱ ምድብ የሚያደርጋቸው ጨዋታዎች ቁጥር ከሌሎቹ ስለሚያንስ ደረጃው በጨዋታ በሚገኝ አማካይ ነጥብ ይሠራ።

ሁለተኛው ቀዳዳ ከላይኛው ዲቪዚዮን ተጫዋች ማውረድ ነው፤ በተለይ ለፍጻሜ ጨዋታ። በአንድ ጨዋታ ከ2 በላይ እንዳይሰለፉ መገደብ፣ በጥሎ ማለፉ ለመጫወትም በዚያው ቡድን ቢያንስ 3 መደበኛ ጨዋታ መሰለፍን ግዴታ ማድረግ ይህን ይዘጋዋል። የጎል ልዩነትም ለደረጃ ሲቆጠር በአንድ ጨዋታ ከ4 አይለፍ። ገደብ ከሌለው ደንቡ ራሱ ጠንካራውን ቡድን ደካማው ላይ ጎል እንዲያዘንብ ይጋብዘዋል።

ከ8 ቡድኖች 1 ወይም 2 ማሳደግና ማውረድ ይበቃል። 3 ሲሆን የምድቡ አብዛኛው በየዓመቱ ይቀያየራል፤ ያደጉትም ወዲያው ይወርዳሉ።

«እኩል የመጫወቻ ደቂቃ ጥራት ይገድላል»

በዋንጫ ዲቪዚዮን አሠልጣኙ ይወስን፤ በመዝናኛ ዲቪዚዮን ግን ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚያረጅ ተጫዋች በሚቀጥለው ዘመን አይመለስም። የእግር ኳስ ሕግ ራሱ በታችኛው እርከን፣ በወጣቶችና በአንጋፋዎች ውድድር የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ ብሔራዊ ፌዴሬሽኖች እንዲፈቅዱ በር ከፍቷል።

ደንቡ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በስሌት ጉድለት ነው። ሰባት ለሰባት፣ 50 ደቂቃ የሚፈጅ ጨዋታ እንውሰድ። ግብ ጠባቂው የማይቀየር ከሆነ ለሜዳ ተጫዋቾች የሚቀረው 6 በ50፣ ማለትም 300 ደቂቃ ነው። «እያንዳንዱ ቢያንስ ግማሹን ይጫወት» ካልን 300 ለ25 ሲካፈል 12 ነው፤ ግብ ጠባቂው ሲጨመር የዕለቱ ስብስብ ከ13 ሊበልጥ አይችልም። 16 ሰው እንዲመዘገብ ፈቅዶ የግማሽ ጨዋታ ደንብ የሚያወጣ ሊግ አሠልጣኙን የማይቻል ነገር እያዘዘው ነው። የደቂቃውና የስብስቡ ደንብ አብረው ይረቀቁ።

«ሰፊ ውጤት ሲመጣ ጨዋታ ማቆም ተሸናፊውን ማዋረድ ነው»

ቤዝቦልና ሶፍትቦል በሰፊ ልዩነት ጨዋታን ቀድሞ የሚያበቃ ደንብ ከያዙ ቆይተዋል። ጊዜው ለተከፈለበት ሜዳ የሚሻለው ውጤቱን መዝግቦ ቆጠራውን ማቆም፣ ከዚያ ተጫዋቾችን አቀላቅሎ የቀረውን ሰዓት መጫወት ነው።

«የአንጋፋዎች ዕድሜ ዝቅ ቢል ጨዋታው ይሻሻላል»

አዎ፣ ይፈጥናል። የአንጋፋዎች አትሌቲክስ ከ35 ዓመት፣ ዋና ከ25 ዓመት ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ የሚከፋፈለው ግን ለፍጥነት ተብሎ አይደለም፤ አካሉ በዕድሜ የተለወጠ ሰው ከእኩዮቹ ጋር እንዲወዳደር ነው። የመግቢያው ዝቅተኛ ዕድሜ ከ40 ወደ 35 ሲወርድ የ36 ዓመቱ ይገባል፤ ቦታውን የሚለቅለት የ46 ዓመቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ መሄጃ የለውም። ዕድሜን ለመቀነስ ተገቢው ምክንያት የሰው እጥረት ነው፦ ምድቡ አራት ቡድን እንኳ ሳይሞላ ሲቀር። ያኔም የቡድኑን ጥቂት ቦታዎች ብቻ ለወጣቶቹ ክፍት ማድረግ ከሙሉ ለውጥ ይቀድማል። በሴቶች ዲቪዚዮንም ነገሩ ያው ነው። ቡድኖቹ ጥቂት መሆናቸው ምድቡን ለማሳደግ ምክንያት ይሆናል፤ «ደረጃው ዝቅተኛ ነው» ብሎ የሜዳ ሰዓቱን ለመንጠቅ ግን አይሆንም።

«እንግዲያው ጥራት በደንብ ውስጥ ቦታ የለውም»

ይህም ስህተት ነው፤ በደኅንነት ጉዳይ የመጀመሪያውን ቦታ ይይዛል። በራግቢ ስክረም (የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተያይዘው የሚገፋፉበት) በፊት መስመሩ ላይ የሠለጠኑ ተጫዋቾች ከሌሉ ያለ ግፊት ይካሄዳል፤ ያልተዘጋጀ አንገት ያን ክብደት አይችልምና። በእግር ኳስም ጊዜውን የሳተ ሸርተቴ የሚበዛው በታችኛው ዲቪዚዮን ነው። ጀማሪ ዳኞችን ሁሉ ወደዚያ የሚልክ የዳኞች ኮሚቴ አደጋው ያለበትን ሜዳ ልምድ ለሌለው ሰው ይተዋል። በእያንዳንዱ የታችኛው ምድብ ጨዋታ ቢያንስ አንድ ልምድ ያለው ዳኛ ከጀማሪው ጋር ይመደብ፤ ዳኛ ካነሰም ፉክክሩ ሞቃት ከሆነው ጨዋታ በፊት የችሎታ ልዩነቱ ሰፊ ለሆነበት ጨዋታ ይሟላለት።