ጨረር ሴል ውስጥ ሲገባ ፕሮቲኖቹ ምን ይሆናሉ?

ስለ ጨረር ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ዲኤንኤን ነው። አይፈረድበትም። ግን ጨረር ያገኘው ሴል ይዳን ወይስ ይሙት የሚለውን የሚወስኑት ፕሮቲኖች ናቸው፤ እነሱ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ደግሞ ሁለት መልክ አለው።

አንደኛው ግልጽ ጉዳት ነው። ራጅና ጋማ ጨረር ኤሌክትሮንን ከአቶም ይነቅላሉ። ሴል አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ ዱላው በብዛት የሚያርፈው ውሃው ላይ ነው፤ ከተሰባበረው ውሃ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ነገር ይወጣል። ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ውስጥ ድኝ ያለባቸው፣ ሜቲዮኒንና ሲስቴይን፣ ቶሎ ይጠቃሉ። ሜቲዮኒንን መልሶ የሚጠግን ኢንዛይም አለ። ካርቦኒል የሚባለው ጉዳት ግን በአብዛኛው አይጠገንም፣ ፕሮቲኑ ተቆራርጦ ይወገዳል።

ሁለተኛውን ለውጥ ሴሉ ራሱ ነው የሚያደርገው፤ ለኔ ይሄኛው ይበልጥ ይገርማል። 1 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር በአንድ ሴል ውስጥ ከ20 እስከ 40 በሚሆኑ ቦታዎች ሁለቱንም የዲኤንኤ ክሮች ይበጥሳል። ኤቲኤም የተባለው ኢንዛይም በደህናው ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተኝቷል። ክር ሲበጠስ ራሱ 1981ኛ አሚኖ አሲዱ ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ለጥፎ ከጥንዱ ይላቀቅና ሥራ ይጀምራል። ከዚያ ዲኤንኤ ከሚጠመጠምባቸው ሂስቶኖች አንዱን፣ ኤች ቱ ኤ ኤክስን (ስሙ ምላስ ያስራል)፣ 139ኛዋ አሚኖ አሲድ፣ ሴሪን፣ ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ምልክቱ ከተበጠሰው ቦታ ግራና ቀኝ በመቶ ሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮን የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ፊደላትን ያካልላል። በሚያበራ ፀረ እንግዳ አካል ቀልመው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ኒውክለሱ ውስጥ ነጠብጣብ መብራት ይመስላል። በግማሽ ሰዓት ገደማ በጣም ይደምቃል፤ ጥገናው ሲያልቅ አንድ በአንድ ይጠፋል። በ1998 የታወቀው ይህ ምልክት ዛሬ አንድ ሰው ምን ያህል ጨረር እንዳገኘው ከደሙ ለመገመት ያገለግላል።

ፎስፌት ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ የሚለጠፍ፣ ብዙ ጊዜም «ይወገድ» የሚል ምልክት የሚሆን ዩቢኩዊቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲንም አለ። ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን በሰላሙ ጊዜ ዩቢኩዊቲን እየተለጠፈበት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ጨረር ሲመጣ በፎስፌት ከዚህ ያመልጣል፣ ይከማቻል፣ ከዚያ ወይ የሴሉን መከፋፈል ያስቆማል ወይ ሴሉ ራሱን እንዲገድል ያዛል። በ2007 የወጣ አንድ ጥናት ዲኤንኤ ሲጎዳ ፎስፌት የሚለጠፍባቸው ከ700 በላይ ፕሮቲኖች ቆጥሯል።

የኤቲኤም ጂን ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ሰዎች አሉ፤ በሽታው አታክሲያ ቴላንጂየክቴዢያ ይባላል፣ ጂኑ የተገኘው በ1995 ነው። እነዚህ ሰዎች ካንሰር ይዟቸው ሌላው ታካሚ የሚችለው የጨረር መጠን ቢሰጣቸው ሕክምናው ራሱ ሊገድላቸው ይችላል።