ይርጋ ምንድን ነው? ዘግይቶ ስለሚቀርብ የካሳ ጥያቄ

«ሁለት ዓመት ካለፈው በይርጋ ቀሪ ነው። ደግሞስ እውነት ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ አይናገሩም ነበር?»

ይህን ያለው ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረበ አስተያየት ሰጪ ነው። ይርጋ ማለት ሕግ ለክስ ማቅረቢያ የቆረጠው የጊዜ ገደብ ነው። ውይይቱ በልጅነታቸው በማሳደጊያና በአዳሪ ትምህርት ቤት ጥቃት ደርሶባቸው ካደጉ በኋላ ካሳ ስለሚጠይቁ ሰዎች ነበር። ስሙን አላነሣም፤ እሱ የመጀመሪያው አይደለም። በሐረርና በድሬዳዋ ችሎቶች ደጃፍ ይህንኑ ቃል ከተቋማት ኃላፊዎች፣ ከሽማግሌዎች፣ ከጠበቃ ባልደረቦቼም ጭምር ስሰማ ኖሬአለሁ። የሚያንገበግበኝ ተጎጂዎቹ ራሳቸው አምነውት ሲመጡ ነው። አምነውት ሳይመጡ የቀሩትን ደግሞ ቁጥራቸውን ማን ያውቃል?

አንዲት የ31 ዓመት ሴት ቢሮዬ መጥታ ገና ሳትቀመጥ፣ «እትዬ፣ ጊዜው እንዳለፈብኝ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ልንገርዎት ብዬ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ከፌስታል ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ደረቅ ወረቀት አወጣች፤ ባደገችበት ማሳደጊያ የልብስ መረከቢያ ካርድ ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሟ፣ የአልጋዋ ቁጥር፣ ከዚያ «አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ኩባያ፣ ሁለት ቀሚስ» ይላል። ቀኑ ጥቅምት 2001 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ 14 ዓመቷ ነበር። ከግርጌው የአስረካቢው ፊርማ አለ። ካርዱን ስታሳየኝ አውራ ጣቷ ፊርማው ላይ ነበር፤ እስክትጨርስ አላነሣችውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እንግዲህ ይርጋ። ቃሉ ከ«ረጋ» የመጣ ነው፤ ነገር ይርጋ፣ ይስከን እንደማለት። ሕግ አውጪው የፈለገውም ይህንኑ ነው፤ ሰው የከፈለበትን ደረሰኝ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ እንዳይዞር፣ ምስክር ሞቶ ሰነድ ጠፍቶ ካበቃ በኋላ ክስ እንዳይነሣ። ይህን አልቃወምም። ለብድርና ለኪራይ ጥሩ ሕግ ነው። ግን ይርጋ ስለ እውነት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። በይርጋ የተዘጋ መዝገብ ላይ ዳኛው «ድርጊቱ አልተፈጸመም» ብሎ አይጽፍም፤ ተፈጸመ አልተፈጸመ ወደሚለው ጥያቄ ጭራሽ አልገባም። አስተያየት ሰጪው «ቀሪ ነው» ካለ በኋላ «እውነት ቢሆን ኖሮ» ብሎ ሲቀጥል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አጋብቷል። የመጀመሪያው የጊዜ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የማስረጃ ጥያቄ ነው።

የምኖረው ሐረር ነውና በጀጎል ላስረዳ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ ማታ ማታም ይዘጉ ነበር። ከገበያ አምሽቶ የመጣ ሰው በር ተዘግቶ ቢያገኘው ውጭ ያድራል። ግንቡ ውስጥ ያለው ቤቱ ግን የእሱ ነው። «በሩ ስለተዘጋብህ ቤት የለህም» የሚለው ጎረቤት አይኖርም። ይርጋ በር ነው እንጂ ቤት አያፈርስም።

በሩ ደግሞ ራሱን አይዘጋም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ አስተያየት ሰጪውም የሚያውቅ አልመሰለኝም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1856 ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አነሣሽነት ማንሣት እንደማይችል ይደነግጋል። በሩን የሚዘጋው ተከሳሹ ነው፤ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው «ይህ ክስ በይርጋ ይታገዳል» ብሎ ካልጻፈ ክሱ እንደማንኛውም ክስ ይሰማል። መቃወሚያውንም በጊዜው ማንሣት አለበት፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 መሠረት እንዲህ ያለ መቃወሚያ በመጀመሪያው አጋጣሚ ካልቀረበ እንደተተወ ይቆጠራል። ስለዚህ ክስ ሳይቀርብ፣ ተከሳሽ መልስ ሳይሰጥ፣ ዳኛ ብይን ሳይሰጥ «በይርጋ ቀሪ ሆኗል» የሚባል ነገር የለም። በሬዲዮ ቀሪ የሚሆን መብትም የለም።

ሁለት ዓመት የሚለው ከየት መጣ? ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት ይላል ንዑስ አንቀጽ አንድ። ሰዎቹ የሚያነቡት እስከዚህ ድረስ ነው። ንዑስ አንቀጽ ሁለት ወዲያው ቀጥሎ ተጽፏል፦ ጉዳቱ የመጣው ከወንጀል ከሆነና የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ካስቀመጠ፣ ለካሳው ክስም የሚሠራው ያ ረዥሙ ጊዜ ነው። አንድ መስመር ወርዶ ማንበብ ይህን ያህል ይከብዳል?

በልጅቷ ጉዳይ እንቁጠረው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለ ልጅ ላይ፣ ያውም ለአሳዳጊነቱ በአደራ በተሰጠው ልጅ ላይ፣ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 መሠረት እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከ10 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል አንቀጽ 217 ያስቀመጠው የይርጋ ጊዜ 20 ዓመት ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ 2021 ይመጣል። «ጊዜው እንዳለፈብኝ አውቃለሁ» ያለችኝ ሴት ጊዜ ነበራት። ይህን ስነግራት ደስ አላላትም፤ ለብዙ ደቂቃ ዝም ብላ ካርዱን ታይ ነበር። ከዚያ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» አለች። ማን እንዳልነገራት አልጠየቅኋትም።

እዚህ ላይ የሙያ ጥንቃቄ አለብኝ፤ ይህን ጽሑፍ ይዞ ማንም የራሱን ቀን እንዳይቆርጥ። ቀላል ድብደባ ከሆነ የወንጀሉ ይርጋ አጭር ነው፤ ከባድ የአካል ጉዳት ከሆነ ረዥም ነው። ድርጊቱ የተፈጸመው የአሁኑ የወንጀል ሕግ ከመጽናቱ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. በፊት ከሆነ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይመጣና ስሌቱ ሌላ ይሆናል። ድርጊቱ ተደጋግሞ ከሆነ መቁጠሪያው የሚጀምረው ከመጨረሻው ድርጊት ነው። ተቋሙ ደግሞ «ወንጀሉን የሠራው ግለሰቡ ነው፤ ለእኔ የሚሠራው ሁለት ዓመቱ ነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። እኔ የምመልሰው፣ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ጉዳቱ ምንጭ እንጂ ስለ ተከሳሹ ማንነት አይደለም ብዬ ነው። ክርክር ነው፤ ያለቀለት ነገር አድርጌ አላቀርበውም።

«ለምን ያኔ አልተናገሩም?» ወደሚለው ልመለስ። ይህን ጥያቄ ሕጉ ራሱ አስቦበታል፤ ከስድሳ ዓመት በፊት፣ በ1952 ዓ.ም.። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1853 መብቱን በጊዜው ያልጠየቀው ሰው ዝም ያለው በሁለቱ መካከል በነበረው የቤተሰብ ዝምድና ወይም የበታችነት ግንኙነት ምክንያት መሆኑን ዳኛው ካመነ፣ የይርጋ መቃወሚያውን ውድቅ ሊያደርግ እንደሚችል ይደነግጋል። ማሳደጊያ ውስጥ ካለ ልጅ የበለጠ የበታች ማን አለ? የሚበላው፣ የሚለብሰው፣ የሚማረው በዚያው ሰው እጅ ነው። ወደ በሩ ምሳሌ ስመለስ፣ ሰውየውን ቀኑን ሙሉ እጁን ይዞ ያስቀረው ራሱ በረኛው ነው። ታዲያ ይኸው በረኛ ሲመሽ «አምሽተሃል» ብሎ ሊዘጋበት አይገባም። የጀጎል ግንብ እንኳን ጅብ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተትቶለታል፤ ሕጉም ለሰው የተወው መግቢያ ይህ ነው።

የተከሳሽ ጠበቆች «18 ዓመት ሲሞላት ወጥታለች፤ ከዚያ በኋላ የምን የበታችነት?» ይላሉ። የደንበኛዬን ነገር ልንገራችሁ። 18 ዓመት ሲሞላት የትም አልሄደችም፤ በዚያው ግቢ ወጥ ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። ስትወጣም ሥራ ለማግኘት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋት ነበር፤ ፈራሚው ያው ሰው ነው። ከሁሉም የባሰው ደግሞ በወረቀት የማይጻፈው ነው። «ጡት ነካሽ እንዳልባል ፈራሁ» ብላኛለች። ባገራችን ያሳደገን መክሰስ ምን እንደሆነ ለዚህ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ስለ አንቀጽ 1853 አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ አንቀጹ «ይችላል» እንጂ «አለበት» አይልም። ዳኛው ማመን አለበት፤ ለማሳመን ደግሞ ዝምታውን በዓመትና በምክንያት ዘርዝሮ ማስረዳት ያስፈልጋል። አንቀጹ የተጻፈው በውል ክፍል ስለሆነም ከውል ውጭ ላለ ኃላፊነት እንዲሠራ፣ የውል ድንጋጌዎችን ከውል ላልመነጩ ግዴታዎች የሚያሻግረውን አንቀጽ 1677ን ድልድይ ማድረግ ግድ ይላል።

አስተያየት ሰጪው «አውሮፓም ቢሆን ቀን ቆርጦ ዘግቶታል» ብሎ አየርላንድን ጠቅሶ ነበር። ያ ይርጋ አይደለም። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ሕግ በሕፃናት ተቋማት ለተጎዱ ሰዎች የካሳ ቦርድ አቋቋመች፤ የማመልከቻው ማብቂያ ታኅሣሥ 2005 ነበር። ያ በመንግሥት ፈቃድ የተዘረጋ ማዕድ የሚነሣበት ሰዓት ነው፤ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት የሚቆምበት ቀን አይደለም። ማዕዱም ቢሆን ያኔ አልተነሣም። ቦርዱ ልዩ ምክንያት ያላቸውን ዘግይተው የመጡ አመልካቾች ለዓመታት ሲቀበል ቆይቶ፣ በሩ የተዘጋው በ2011 በወጣ ማሻሻያ ነው። ከ15,000 በላይ ሰዎች ካሳ አግኝተዋል። የይርጋ ሕጋቸውንም በ2000 አሻሽለው፣ በልጅነቱ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰበት ሰው ጥቃቱ ራሱ ባደረሰበት የሥነ ልቦና ጉዳት ምክንያት መክሰስ ካልቻለ፣ ያ ጊዜ እንዳይቆጠርበት አድርገዋል። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነቱ የካሳ ክስ የጊዜ ገደቡን ጨርሶ አንሥታለች። አውሮፓን መጥቀስ ካማራቸው እስከ መጨረሻው ይጥቀሱት።

እኛ ዘንድ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው፤ ወይም ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት የካሳ ጥያቄን ከወንጀሉ ጋር አያይዞ ማቅረብ። ተከሳሹ በወንጀል ነፃ ቢባል እንኳ የካሳው ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149። በሩ ተከፈተ ማለት ግን ማዕዱ ሞልቷል ማለት አይደለም፤ ይህን ለደንበኛ አስቀድሞ አለመንገር ነውር ነው። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተደንግጓል። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ አኃዝ ነው፤ ዛሬም እንደተጻፈ አለ። የሕፃንነት ዕድሜ ለተቀማ ሰው 1,000 ብር! ስለዚህ የክሱ ክብደት በቁሳዊ ጉዳቱ ላይ መዋል አለበት፤ የሕክምና ወጪ፣ የተቋረጠ ትምህርት፣ የቀረ ገቢ፤ ልኩ በትክክል መታወቅ ካልቻለ ደግሞ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ልክ፣ እንዲወስን መጠየቅ።

ልጅቷ ልትሄድ ስትነሣ ካርዱን መልሳ ልታጥፈው ነበር፤ አስቀመጥኳት። አንቀጽ 2132 ሠራተኛ በሥራ ቦታው ወይም በሥራ ሰዓቱ ያደረሰው ጉዳት ከሥራው ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይገምታል፤ ግምቱን የማፍረስ ሸክም የተቋሙ ነው። ያ ካርድ ሰውየው በጥቅምት 2001 ዓ.ም. በዚያ ግቢ ሥራ ላይ እንደነበር፣ ልብሷም በእሱ እጅ እንደነበር በገዛ ፊርማው ይናገራል። ኮፒ ማንሻው ላይ ስዘረጋው ፊርማው እንዲነበብ አውራ ጣቷን እንድታነሣ ጠየቅኋት። አነሣችው።